የጦስኝ ዘይት ውህዶችና ካንሰር፦ የቱ ከየቱ ይሻላል?

መልእክቱ በስልክ ይመጣል። «የጦስኝ ዘይት የካንሰር ሴልን በ24 ሰዓት ገደለ» ይላል። ከሥሩ የጥናት ሊንክ አለ። ስትከፍቱት ጥናቱ የእውነት ጥናት ነው፤ ተመራማሪዎቹም አልዋሹም። በሳምንቱ ግን ስለ ጥቁር አዝሙድ ያው መልእክት ይመጣል። ከዚያ ስለ በሶብላ፣ ከዚያ ስለ ላቬንደር። ሁሉም ገዳይ ናቸው። ታዲያ የቱ ይያዝ?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ቤቱ ታማሚ ያለበት ነው። ሌላው ለመመረቂያ ጽሑፉ አንድ ውህድ መርጦ ላብራቶሪ የሚገባ ተማሪ ነው። ጽሑፉ ለሁለቱም ነው፤ መልሳቸው ግን ለየቅል ነው።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። «ኢሴንሻል ኦይል» የሚባለው ተናኝ ዘይት ነው። ቅጠሉ በእንፋሎት ሲመታ ከእንፋሎቱ ጋር ተያይዞ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ከውሃው ተለይቶ ይንሳፈፋል። ከምግብ ዘይት ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው ነገር የለም። ከአንድ ኪሎ ደረቅ ጦስኝ የሚገኘው ቢበዛ ሃያ፣ ሃያ አምስት ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ስለዚህ አንዲት ጠብታ ማለት ብዙ ቅጠል ማለት ነው። «ቅጠሉን ስንጠጣው ኖረን የለ እንዴ፣ ዘይቱ ምን ያደርጋል?» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል።

መግደል ብርቅ አይደለም

ሳህን ላይ ያለ ሴል ለመግደል ብዙ ነገር ይበቃል። ኮምጣጤ ይገድለዋል። ሳሙና ይገድለዋል። በረኪናማ አይነሳ። ስለዚህ «ገደለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ውህዶቹን አይለይልንም። የሚለዩት ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው። በስንት መጠን ገደለ? ያ መጠን የሰው ደም ውስጥ መድረስ ይችላል? ጤነኛውን ሴል ይምረዋል? ከሳህን ወጥቶ አይጥ ላይ፣ ከአይጥም አልፎ ሰው ላይ ተሞክሯል? እኔ ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለደሙ ጥያቄ ነው። ዝነኞቹ የሚወድቁት እዚያ ላይ ነዋ።

ሳህኑን ቀረብ ብለን እንየው። መዳፍ የምታክል የፕላስቲክ ሳህን ናት፤ 96 ጥቃቅን ጉድጓዶች አሏት። በየጉድጓዱ ጥቂት ሺህ ሴሎች ሮዝ መልክ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሴሎቹ ብዙ ጊዜ ከአሥርት ዓመታት በፊት ከታማሚ ተወስደው እስከ ዛሬ እየተባዙ የሚኖሩ ናቸው፤ ሂላ የሚባሉት በ1951 ከሄንሪታ ላክስ የማኅፀን በር ዕጢ የተወሰዱ ናቸው። ዘይት ከውሃ ጋር አይዋሃድምና በሌላ ማሟሚያ ተሟሙቶ ይጨመራል። ሳህኗ ክዳኗን ደፍታ በ37 ዲግሪ ታድራለች። በነጋታው ኤምቲቲ የሚባል ቢጫ ቀለም ይገባል። በሕይወት ያለ ሴል ቢጫውን ወደ ወይን ጠጅ ይለውጠዋል፤ የሞተው አይለውጠውም። ማሽኑ የቀለሙን ድምቀት ያነባል። «ግማሹን ሴል የገደለው መጠን ይህን ያህል ነው» የሚለው ቁጥር የሚመጣው ከዚህ ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ውህዱ ኃይለኛ ነው።

አሁን ዘይቱ ምን ዓይነት እንደሆነ አስታውሱ። ተናኝ ነው። በ37 ዲግሪ ሌሊቱን ሲያድር ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከፊሉ ክዳኑ ላይ ይወጣል፤ ከፊሉ ወደ ጎረቤት ጉድጓድ ይሻገራል፤ ምንም ዘይት እንዳይነካው ወደተባለው ማነጻጸሪያ ጉድጓድ ሳይቀር። ስለዚህ ዘይቱ ከልኩ በላይ ደካማ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ማነጻጸሪያው ከተበከለ ደግሞ ውጤቱ በሙሉ ይደፈርሳል። ሌላም ጣጣ አለ። አንዳንድ የዕፅዋት ውህዶች ሴል በሌለበት ራሳቸው ቢጫውን ወደ ወይን ጠጅ ይቀይሩታል። ጥናት ስታነቡ «ሳህኑ ታሽጎ ነበር ወይ? በሁለተኛ ዘዴስ ተረጋግጧል ወይ?» ብላችሁ ፈልጉ። ካልተጻፈ ቁጥሩን በጥርጣሬ ያዙት።

አንድ መመዘኛ ደግሞ ከጎን ይቀመጥልን። ፓክሊታክሴል የታወቀ የኬሞ መድኃኒት ነው። እሱም ከዕፅዋት የመጣ ነው፤ ከፓስፊክ ዩ ዛፍ ቅርፊት። አሜሪካ ውስጥ በ1992 ለማኅፀን ዕንቁላል እጢ ካንሰር ፈቃድ አገኘ። ሳህን ላይ የሚሠራው በአንድ ሚሊ ሊትር ጥቂት ናኖግራም ገብቶ ነው። ለንጹሕ ውህድ በተለምዶ የሚጠቀሰው የማለፊያ ነጥብ በሚሊ ሊትር 4 ማይክሮግራም ነው፤ ከዚያ በታች ከሠራ ይቀጥል ይባላል። አንድ ማይክሮግራም አንድ ሺህ ናኖግራም መሆኑን ያዙልኝ።

መንትዮቹ፦ ቲሞልና ካርቫክሮል

የጦስኝ ዘይት ዋና ጌቶች እነዚህ ሁለቱ ናቸው። መንትዮች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለቱም 10 ካርቦን፣ 14 ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አላቸው። ልዩነታቸው ኦክስጅኗ ቀለበቱ ላይ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ነው። ያቺ ትንሽ ልዩነት ግን ባሕርያቸውን ለየች። ቲሞል 50 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ነጭ ክሪስታል ነው። ካርቫክሮል በክፍል ሙቀት ፈሳሽ ነው። ተክሉ ሁለቱንም የሚሠራቸው ጋማ ተርፒኒን ከሚባል አንድ ወላጅ ነው።

ሴል ላይ የሚያደርጉትም ይመሳሰላል። ስብ ወዳድ ስለሆኑ የሴሉ ሽፋን ውስጥ ይሰርጋሉ። የሴሉ ኃይል ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ ይናጋል፤ ጎጂ የኦክስጅን ቅንጣቶች ይበዛሉ፤ ሴሉም ራሱን የማጥፋት መርሐ ግብሩን ይጀምራል። ጥሩ ነው። ግን በስንት? ብዙዎቹ ጥናቶች ላይ ከ100 እስከ 500 ማይክሮሞላር ያስፈልጋል። ይህ በሚሊ ሊትር ከ15 እስከ 75 ማይክሮግራም መሆኑ ነው። ሁለቱም የ4 ማይክሮግራሟን መስመር አላለፉም። ከፓክሊታክሴል ጋር ሲተያዩማ ልዩነቱ በሺዎች እጥፍ ነው።

ወደ ደሙ እንምጣ። ቲሞል በሰው ላይ ተለክቷል። 12 ጤነኛ ሰዎች 1.08 ሚሊግራም ቲሞል ያለው የጦስኝ ጽላት ዋጡ። ደማቸው ሲመረመር ነጻ ቲሞል ጭራሽ አልተገኘም። የተገኘው ከሰልፌት ጋር የታሰረ ቲሞል ነው። እሱም በሁለት ሰዓት ገደማ ጣሪያው ላይ ሲደርስ በሚሊ ሊትር 93 ናኖግራም ነበር። ሳህኑ ላይ ቢያንስ የተፈለገው 15 ሺህ ናኖግራም ነው። 160 እጥፍ ያህል ይጎድላል፤ ያለውም ታስሮ ነው። «መጠኑ ትንሽ ነበር፣ ይጨመር» ሊባል ይችላል። እርግጥ ነው ትንሽ ነበር። ነገር ግን አንጀትና ጉበት እንዲህ ያለውን ውህድ አስሮ ማስወጣት የዘወትር ሥራቸው ነው። ብዙ ሲዋጥ ደግሞ ካንሰሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ጉሮሮንና ጨጓራን የሚያቃጥለው ራሱ ቲሞል ነው።

ታዲያ ከመንትዮቹ የቱ? እኔ ካርቫክሮልን አስቀድማለሁ። ምክንያቴ ኃይሉ አይደለም፤ በኃይል እዚያው በዚያው ናቸው። ካርቫክሮል የሚታወቅ ዒላማ አለው። ትሪፕ ኤም 7 የሚባለውን የሴል በር ይዘጋል፤ ይህ በር በአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ከልክ በላይ ይበዛል። ዒላማው ሲታወቅ ሞለኪውሉን እየቀረጹ ማሻሻል ይቻላል። «ሽፋኑን ያናጋል» በሚል ብቻ ግን የት ይደረሳል? በተጨማሪም ጤነኛ ሰዎች በቀን በኪሎ ክብደታቸው 1 እና 2 ሚሊግራም ካርቫክሮል ለአንድ ወር ወስደው ጉልህ ጉዳት አልታየባቸውም። ያ የደኅንነት ሙከራ ነው እንጂ የካንሰር ሕክምና አይደለም። ለተማሪ ግን መነሻ ይሆናል።

«ጦስኝ» ብቻ አይበቃም

ጠርሙሱ ላይ ጦስኝ ተብሎ ስለተጻፈ ቲሞል አለው ማለት አይደለም። የተለመደው የአውሮፓ ጦስኝ በኬሚካሉ የተለያዩ ወገኖች አሉት። በደቡብ ፈረንሳይ ስድስት ተለይተዋል። አንዱ ቲሞል ይበዛበታል፤ አንዱ ካርቫክሮል፤ ሌላው ሊናሎል፤ ሌላው ጄራኒዮል። ተክሎቹ ሲታዩ አንድ ናቸው። ሽታቸው ነው የሚያሳብቀው። የሊናሎሉ ወገን ለስለስ ብሎ ወደ ላቬንደር ያደላል፤ የቲሞሉ አፍንጫ ውስጥ ይሰነፍጣል። የመኸር ጊዜና አፈርም ድርሻ አላቸው። ስለዚህ «የጦስኝ ዘይት ይህን አደረገ» የሚል ጥናት የዘይቱን ዝርዝር መቶኛ ካልሰጠ፣ ከሌላው ጥናት ጋር ልታወዳድሩት አትችሉም። ሁለቱ ዘይቶች በስም ብቻ ይገናኙ ይሆናል።

ሙሉ ዘይት ይሻላል ወይስ የተለየ ውህድ? «ሙሉው ይሻላል፣ ተባብረው ነው የሚሠሩት» የሚለው ሐሳብ ደስ ይላል። አንዳንዴም እውነት ነው። ግን መተባበሩ በቁጥር መታየት አለበት፤ የድብልቁ ውጤት ከተናጠል ውጤታቸው ድምር ጋር ተመሳክሮ። እዚህ ላይ የምመክረው ቀላል ነው። ከንጹሑ ጀምሩ፤ ከዚያ ደባልቁ። ከድብልቁ የጀመረ ሰው ማን እንደሠራለት ሳያውቅ ይቀራል።

ሰው ላይ የደረሱት

አሁን ከጦስኝ ጎረቤቶች ጋር እናወዳድር። ወሬያቸው የተለያየ ነው።

ታይሞኩዊኖን የጥቁር አዝሙድ ተናኝ ዘይት ባለቤት ነው፤ በስጋም የነቲሞል ዘመድ ነው። ሳህን ላይ ከዘመዶቹ ይበልጣል። አይጥ ላይም ጥሩ ስም አለው። ሳይንሳዊ ጽሑፉ ብዛቱ ያስገርማል። ሆኖም በ2009 በወጣ የሳዑዲ ጥናት ሕመማቸው የገፋ 21 ታማሚዎች በአፍ ወስደውት ነበር። እስከ 2600 ሚሊግራም በቀን ቻሉት። በካንሰሩ ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ይህን ጥናት በስልክ የሚያስተላልፍ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

ሊሞኒን በብርቱካን ልጣጭ ይታወቃል፤ በብዙ መዓዛማ ቅጠሎችም አለ። በ1998 በወጣ ሙከራ ሌላ ሕክምና ያልሠራላቸው 32 ታማሚዎች ወስደውታል። የአንዲት የጡት ካንሰር ታማሚ ዕጢ በከፊል ቀንሶ 11 ወር ቆየ። የአንጀት ካንሰር ያለባቸው ሦስት ሰዎች ደግሞ ሳይባባስባቸው ቆዩ። ከ32 አንድ መሆኑ ነው። በ2013 ሌላ ጥናት መጣ። 43 ሴቶች የጡት ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት በየቀኑ 2 ግራም ወሰዱ። ሊሞኒን ስብ ወዳድ ነውና ጡት ውስጥ ተከማችቶ ተገኘ። ሳይክሊን ዲ1 የሚባል የሴል መራቢያ ፕሮቲን በ22 በመቶ ቀነሰ። የሴሎቹ የመባዛት ምልክት ግን ብዙም አልተነካም። ለእኔ ይህ ከሁሉም ይበልጥ ሐቀኛ ውጤት ነው። ቦታው ደርሷል፤ አንድ ነገር አንቀሳቅሷል፤ ዕጢውን አላስቆመም።

ፔሪሊል አልኮል የሊሞኒን የቅርብ ዘመድ ነው። በላቬንደርና በናና ዓይነት ተክሎች ውስጥ በጥቂቱ አለ። ታሪኩ ስለ አወሳሰድ መንገድ ብዙ ያስተምራል። መጀመሪያ በአፍ ተሞከረ። ብዙ እንክብል መዋጥ ነበረበት፤ ማቅለሽለሽ፣ ማግሳት፣ ድካም አስከተለ። ውጤቱም አላረካ። እዚያው ሊቀበር ሲል የብራዚል ሐኪሞች መንገዱን ቀየሩት። የአንጎል ካንሰር ለተመለሰባቸው ሰዎች በአፍንጫ በቀን አራት ጊዜ እንዲተነፍሱት አደረጉ። መጠኑ በአፍ ከሚወሰደው እጅግ ያነሰ ነበር፤ ጨጓራንና የጉበትን የመጀመሪያ ማጣሪያ ዘለለ። ዛሬ እጅግ የተጣራ ዓይነቱ አሜሪካም ውስጥ በሕክምና ሙከራ ላይ ነው። ይህን ሰምቶ ላቬንደር ጠርሙስ ከፍቶ የሚያሸት ሰው እንዳይኖር አደራ። ሙከራ ላይ ያለው ንጹሕ ውህድ ነው፤ ላቬንደር ዘይት ውስጥ ያለው ርዝራዥ ነው።

ቤታ ኤሌሚን ደግሞ ከእርድ ዘመዶች ይወጣል። ቻይና ውስጥ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በመርፌና በፈሳሽ መልክ ከኬሞ ጎን ለጎን ይሰጣል። ከሁሉም ወደ መድኃኒት ቤት የቀረበው እሱ ነው። ነገር ግን ጥናቶቹ ብዙዎቹ ትንንሽና አነዳደፋቸው የላላ ነው። ከኬሞው ተለይቶ እሱ ብቻውን ምን እንደሠራ ማወቅ ያስቸግራል።

ሊናሎልና የቅርንፉዱን ዩጂኖል በአጭሩ ልለፋቸው። ሳህን ላይ ይሠራሉ፤ ከዚያ ወዲያ በካንሰር ረገድ የሚነገር ብዙ የለም። በሶብላ ዘይት ላይ ግን ቆም እንበል። አንዳንዱ ኤስትራጎልና ሜቲልዩጂኖል ይበዛበታል። ሜቲልዩጂኖልን የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2023 «ለሰው ካንሰር አምጪ ሊሆን ይችላል» ከሚሉት ምድቦች ጠንከር ባለው፣ በ2ኤ፣ መድቦታል። ካንሰር ያድናል ተብሎ የሚጠጣ ዘይት ውስጥ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ውህድ! ቅጠሉን ወጥ ላይ መነስነስ ሌላ ነገር ነው። ዘይቱን በማንኪያ መጠጣት ሌላ።

እንግዲህ ለማን የቱ

ተማሪ ከሆናችሁ፦ ካርቫክሮልን ከዒላማው ጋር፣ ወይም ሊሞኒንን ከጡት ሕብረ ሕዋስ ጋር ያዙ። ጥያቄያችሁ «ይገድላል ወይ» ከሆነ ተመልሶ አልቋል፤ መቶኛው ሰው ትሆናላችሁ። «እንዴት ይድረስ?» ብትሉ ግን ገና ክፍት ሜዳ ነው። በስብ ቅንጣት መጠቅለል አለ፤ ሞለኪውሉን ማስተካከል አለ፤ የአወሳሰድ መንገዱን መቀየር አለ። ጤነኛ ሴልም ጎን ለጎን ሞክሩ፤ ካንሰሩንም ጤነኛውንም በአንድ መጠን የሚገድል ነገር መርዝ ነው። ሳህኑን ማሸግ አትርሱ።

ቤታችሁ ታማሚ ካለ፦ ከእነዚህ ውስጥ ሕክምናን የሚተካ የለም። «ዘይት ወይስ ኬሞ?» ብሎ ማወዳደር ራሱ ሚዛኑን ያዛባል። በ2018 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ካንሰራቸው ያልተሰራጨ፣ የተለመደውን ሕክምና ትተው አማራጭ ሕክምና ብቻ የመረጡ 281 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ሕክምና ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው ሁለት ተኩል እጥፍ ሆነ። በጡት ካንሰር ከአምስት እጥፍ በላይ። እነዚህ ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

«ጎን ለጎንስ?» ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ከሕክምናው ጎን ለጎን ሽታው ጭንቀትን ካቀለለ፣ ላቬንደርን መሀረብ ላይ ጠብ አድርጎ ማሽተት ማንንም ብዙ አይጎዳም። ማቅለሽለሽ ላይ ያለ ሰው ግን ሽታው ራሱ ሊያስመልሰው ይችላል፤ እሱን ጠይቁት። መዋጥ ግን ሌላ ነው። የሚዋጥ የዕፅዋት ነገር የኬሞን መጠን ደም ውስጥ ሊያዛባ ይችላል። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ዕፅ ኢሪኖቴካንና ኢማቲኒብ የተባሉትን የካንሰር መድኃኒቶች ደም ውስጥ ቀንሶ መገኘቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ የሚዋጥ ነገር ካለ ጠርሙሱን ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩት። ስሙን በቃል መናገር አይበቃም፤ ከላይ እንዳየነው ስሙ ውስጡን አይናገርም።

የጦስኝ ዘይት ቤት ካለስ? ሳይቀጠን ቆዳ ላይ አይደረግም፤ ያቃጥላል። ጨረር በሚሰጥበት ቦታ ላይ ማንኛውም ዘይት ሐኪሙ ሳይጠየቅ አይቀባም። ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጥ። ብርድ ቦታ ከርሞ ከሥሩ ነጭ ክሪስታል ከታየ ደግሞ ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ፤ የቲሞሉ ወገን ከሆነ ቲሞሉ ራሱ ነው የረጋው።